ኤል ኬማኦ ላይ ከቦርዱ በፊት ድንጋዩን እወቁ

ይህ ስለ ሰርፊንግ፣ ማለትም በቦርድ ማዕበል ስለ መጋለብ ነው፤ ኤል ኬማኦ የሚባለውን የማዕበል ቦታ ይመለከታል። ለጀማሪ የተጻፈ አይደለም። ኃይለኛ ሪፍ (ማዕበል የሚሰበርበት የባሕር ውስጥ አለት) ላይ ለቆያችሁ፣ ባረል (ማዕበሉ ሲጠቀለል የሚሠራው ዋሻ) ገብታችሁ መውጣት ለምትችሉ፣ ስትወድቁም ለማትደናገጡ ነው። የምኖረው ፖርቱጋል፣ ኤሪሴራ ነው። እዚያ ያለውን የኮክሾስ ማዕበል የለመዱ ጓደኞቼ ኅዳር ሲገባ «ዘንድሮ ላንዛሮቴን ልሞክር፣ የቱን ቦርድ ልያዝ?» ይሉኛል። የቦርዱ ነገር ቀላል ነው። እኔ የምጀምረው ከድንጋዩ ነው።

ኤል ኬማኦ የሚገኘው በካናሪ ደሴቶች፣ በላንዛሮቴ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ላ ሳንታ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ፊት ለፊት ነው። ደሴቲቱ የእሳተ ገሞራ ልጅ ናት። ቲማንፋያ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 እሳት ሲተፋ ቆይቶ በ1824 ደግሟል። ማዕበሉ የሚሰበረውም ላቫ ላይ ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ይሰላል፣ ላዩም በጉድጓድ ይሞላል። በየጉድጓዱ የባሕር ጃርት ተወሽቋል። እግር ለማሳረፍ የሚሆን ቦታ የለም ብላችሁ ግቡ።

ማዕበሉ የሚከብደው ደሴቲቱ ከጥልቅ ውቅያኖስ ቀጥ ብላ ስለወጣች ነው። ሰፊ ጥልቀት የሌለው ወለል ባለበት ዳርቻ ስዌል (ከሩቅ ባሕር ተጉዞ የሚመጣ ማዕበል) ከታች እየታከከ ጉልበቱን ያጣል። እዚህ ግን ከሰሜን አትላንቲክ የመጣው ኃይል ብዙም ሳይቀንስ ድንገት ድንጋይ ያገኛል። ስለዚህ ትንበያው 2 ሜትር ሲል የለመዳችሁትን 2 ሜትር አታስቡ። ቁመቱ ያው ቢሆን እንኳ ውፍረቱ ሌላ ነው።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ከቁመቱ ይልቅ በማዕበሎቹ መካከል ያለውን ሰከንድ ተመልከቱ። 14 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስዌሉ ከሩቅ የመጣ፣ ጉልበት ያለው ነው። የ16 ሰከንድ ስዌል ጥልቅ ውሃ ላይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከታየ አንድ ቀን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይደርሳል ማለት ነው። ይህን አስልታችሁ ተኙ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ለጠዋቱ ክንድ አይበጅም። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ቢሆን ይመረጣል። ከሰሐራ አቧራ የሚያመጣው ካሊማ አንዳንዴ ይህንኑ ነፋስ ይዞ ይመጣል፤ ሰማዩ ቢደፈርስም ውሃው ይጠራል።

ጠዋት እንደደረሳችሁ ሰተት ብላችሁ አትግቡ። ወደቡ አጠገብ ቆማችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት እዩ። ከሁሉም በላይ የምታዩት ትልቁን ተርታ፣ ማለትም ተከታትለው የሚመጡትን ትልልቅ ማዕበሎች ነው፤ በስንት ደቂቃ ይመጣል፣ ስንት ማዕበል አለው፣ የትኛው ነው ለመጋለብ ሳይከፈት በአንዴ ተደርምሶ የሚዘጋው? ቀጥሎ ሰዎች በየት ገብተው በየት እንደሚወጡ ተከታተሉ። መውጫችሁን ሳትለዩ መግቢያ አትፈልጉ። ውሃው የሚጎድልበትን ሰዓትም እወቁ። ደሴቶቹ ላይ በአንዳንድ ቀን የባሕሩ ከፍታና ዝቅታ ልዩነት ከ2 ሜትር ያልፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገቡ ከሆነ ውሃው እየሞላ ሲመጣ ግቡ። እየጎደለ ሲሄድ የሚገባ አዲስ ሰው ሳይ በጣም ነው የምጨነቀው።

ዋናው ማዕበል ግራ ነው፣ ማለትም ጋላቢው ወደ ግራው ይሄድበታል፤ አጠር ያለ ቀኝም አለ። ቀኝ እግሩን ከፊት የሚያደርግ ሰው ግራው ላይ ፊቱ ወደ ማዕበሉ ስለሚሆን ይቀለዋል። ጀርባችሁን ለማዕበሉ የምትሰጡ ግን አንድ እጅ የቦርዱን ጠርዝ ጨብጣችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዝቅ በሉ።

አነሳሱን በደንብ ልንገራችሁ። ከኋላችሁ ሲመጣ ተራ እብጠት ይመስላል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ከፊቱ ያለውን ውሃ ይመጠዋል፤ ከሥራችሁ ጥቁሩ አለት እየቀረበ ይታያችኋል። በዚያች ቅጽበት ዓይን ወደ ታች ከሄደ አለቀ። አገጫችሁን ቦርዱ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሦስቴ አጥብቃችሁ ቅዘፉ፣ ቦርዱን ቀድማችሁ ወደ ግራ አዙሩት፣ ከዚያ ተነሱ። በሁለት ልብ የሚቀዘፍ ማዕበል የለም። ወይ ሂዱ፣ ወይ ገና ሳይነሳ ተዉት።

ቦርዱ ከተለመደው ትንሽ ረዘም፣ ወፈር ይበል፤ ቀድማችሁ እንድትይዙት ይረዳል። ሊሹ፣ ማለትም ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያስረው ገመድ፣ አዲስና ወፍራም ይሁን። ላቫው ስንጥቅ ውስጥ ከተቀረቀረ በአንድ እጅ መፍታት እስክትችሉ ድረስ የብስ ላይ ተለማመዱ። ስስ የጎማ ጫማ አድርጉ። ሄልሜትም አድርጉ፤ «ያሳፍራል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ስትወድቁ ጠልቃችሁ ለመግባት አትሞክሩ፣ እግራችሁንም ቀጥ አድርጋችሁ አትውረዱ። በጀርባ ወይም በጎን ተዘርግታችሁ ውሃው ላይ ውደቁ። ወዲያው ጭንቅላታችሁን በሁለት ክንዶች አቅፉ። ውሃው ሲያንከባልል አትታገሉ፤ ሲለቃችሁ ብቻ አንድ እጅ ከራሳችሁ በላይ ይዛችሁ ውጡ፣ ቦርዱ እዚያ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ውሃው ላይ ማዕበል የሚጠበቅበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ነባሮቹም ይተዋወቃሉ። በጥቂት ቁጥር፣ ቢቻል ከአንድ ጓደኛ ጋር ብቻ ሂዱ። ሰላም በሉ፣ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እነሱ ያለፉትን ውሰዱ። ሌላ ሰው የያዘው ማዕበል ላይ መነሳት እዚህ ነውር ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው ማምለጫ አጥቶ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። በዕድሜ የገፋ ነባር «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉ።

ስትወጡ እስከ መጨረሻው በሆዳችሁ ቦርዱ ላይ ሁኑ። ተርታው እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ከዚያ በትንሹ ማዕበል ጀርባ ሆናችሁ ጠርዙ ጋ ድረሱና በእጅ ያዙ። ከተቆረጣችሁ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና ሳሙና እሹት፤ ቢያቃጥልም የላቫው ቅንጣት መውጣት አለበት። የጃርቱን እሾህ በወረንጦ አውጡ። መገጣጠሚያ አጠገብ ከገባ ግን አትነካኩት፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ያን ቀን ተመልሶ አይገባም። ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ 112 ደውሉ።