የመኪና ፍሪጅ ሲያስቸግር፦ ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት ገመዱን እዩ

ዳሎል ወይም ኦሞ የሚወርድ የቱር ላንድክሩዘር አሁን ከኋላው ፍሪጅ አያጣም። ወደ ጋራዥ የሚመጣው ቅሬታም አንድ ዓይነት ነው፦ «ፍሪጁ ሞቷል፣ ጋዝ ሙላልኝ።» ጋዙ ምንም አልሆነም። ሞተር ሲነሳ በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ጋዝ አልጎደለውም። የጎደለው ቮልት ነው።

ጭራሽ አይበራም

ሲጋራ ማቀጣጠያው ውስጥ የሚገባው ሶኬት ጫፉ ይፈታል፣ ውስጡ ትንሽ ፊውዝ አለ። እሱን ቀይሩ። የተቃጠለው ባለ 15 አምፔር ከሆነ የምትተኩትም ባለ 15 ይሁን። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የከተተ ሰው መኪና አይቻለሁ። ዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሽቦ ፕላስቲኩ ቀልጦ እርስ በርስ ተጣብቆ ነበር። በእግዜር ቸርነት ነው ያልነደደው።

ቀይና ጥቁር ተገልብጦ ከታሰረም አይነሳም።

ሞተር ሲነሳ ይሠራል፣ ሲጠፋ ይቆማል

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ነጋ ጠባ የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ሲቆይ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ይሞክራል፣ ጠቅ ይላል፣ ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠቅ። የፍሪጁ መብራት አንዴ ብልጭ ይላል፣ ያርፋል፣ አንዴ ብልጭ። ስክሪን ካለው ብዙ ጊዜ «ኢ1» ይጽፋል። ሾፌሩ ባትሪውን በቴስተር ይለካል፣ 12.5 ያገኛል። «ባትሪዬ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ፍሪጁ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ፍሪጁ የሚያውቀው ግን እሱ ጋ የደረሰውን ቮልት ብቻ ነው። ኮምፕረሰሩ ሳይነሳ ገመዱ ውስጥ የሚሄድ ከረንት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የትም ብትለኩ 12.5 ነው። 5 አምፔር መሳብ ሲጀምር ገመዱ ራሱ ቮልት ይበላል። ከዳንፎስ፣ አሁን ሴኮፕ ከሚባለው፣ ኮምፕረሰር ጋር የሚመጣው መቆጣጠሪያ ሌላ ማስተካከያ ካልተደረገለት 10.4 ላይ ይዘጋል፣ 11.7 ካላገኘ ደግሞ አይነሳም። ሲዘጋ ከረንቱ ይቆማል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ጠቅ ጠቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሒሳቡ ይኸውና። ከባትሪ እስከ ኋላ 6 ሜትር በሉት፣ ሄዶ መመለሱ 12 ሜትር። ባለ 0.75 ሽቦ (ውፍረቱ በካሬ ሚሊሜትር ነው) ከሆነ 5 አምፔር ላይ 1.4 ቮልት ገደማ ይጠፋል። ባለ 2.5 ከሆነ 0.4። ባለ 6 ከሆነ 0.2 እንኳ አይሞላም። ይህ እንግዲህ ሽቦው ብቻ ነው። የላላ ሶኬትና የዛገ ማሳ፣ ማለትም ከቦዲ ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ፣ ሲጨመርበት አስቡት።

አንድ ሾፌር አፋር ላይ የእንግዶቹ ሥጋ ተበላሽቶበት ፍሪጁን በርካሽ ሸጦ አዲስ ገዛ። አዲሱም ጠቅ ጠቅ። ተናዶ ሲመጣ የሲጋራውን ሶኬት ነቀልኩት፤ ጫፉ ቡና ዓይነት ቀለም ይዞ ቀልጧል፣ ስፕሪንጉ ሞቶ ወደ ውስጥ ቀርቷል። ከሶኬቱ ወደ ኋላ የተዘረጋው ደግሞ በናስትሮ የተቀጣጠለ የስፒከር ሽቦ! በስፒከር ሽቦ ፍሪጅ ማስነሳት በእስክሪብቶ ቀፎ ጠላ እንደመጠጣት ነው። ገመዱን ቀየርን፣ ፍሪጁ ተነሳ። የሸጠውም ፍሪጅ ጤነኛ እንደነበር ስነግረው ደስ አላለውም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ፍሪጁን በጣም ዝቅ ያለ ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ኮምፕረሰሩ እንዲሠራ አድርጉ። እየሠራ ሳለ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ወዲያው ፍሪጁ መግቢያ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ጥፋተኛው መንገዱ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፍሪጁ መግቢያ ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። የሚነበበው ቁጥር በዚያ መስመር የጠፋው ቮልት ነው። በኔጋቲቩም ድገሙት። ኔጋቲቩን የሚለካ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ቀዩን ብቻ ያሳድዳል። ማሳው ግን ቀለም በተቀባ ቦዲ ላይ በአንድ ብሎን ታስሮ ታገኙታላችሁ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁት። ከተቻለም ኔጋቲቩን ራሱን ከባትሪ ዘርጉት።

መፍትሄው፦ ባለ 6 ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ ከባትሪ በቀጥታ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ፍሪጁ ጋ ያለው ፊውዝ ገመዱን አያድንም! ገመዱ ኮፈን ሥር ብረት ሲነካ ፊውዝ ከሌለው መኪናው ይቃጠላል። ብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ጎማ አልብሱት። ኋላ ላይ የሲጋራ ሶኬት አትድገሙ፤ አንደርሰን የሚባለውን ሶኬት ግጠሙ፣ ኮረኮንች አያላላውም።

ሽቦ ስትገዙ ቢላ ያዙ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ መዳብ ተብሎ የሚሸጥ፣ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ የሆነ አለ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው የሚያስተላልፈው፤ ብትቆነጥጡት ይሰበራል፣ ተርሚናል ውስጥ ይላላል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙት።

የባትሪ መከላከያውን፣ ማለትም ፍሪጁ የሚዘጋበትን ቮልት፣ ዝቅ ማድረግ መፍትሄ የሚመስለው ሰው አለ። ፍሪጁ ይሠራል፣ እውነት ነው። ጠዋት ግን ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይዞርም። ዳሎል ላይ ያንን መኪና የሚገፋው ማነው? ከመኪናው ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ መከላከያው ከፍተኛው ላይ ይሁን። ሁለተኛ ባትሪ ያለው ዝቅ ያድርግ።

ማታ ይሠራል፣ ንጋት ላይ ጠፍቷል

ገመዱ ደህና ከሆነ ባትሪው አልቋል። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ በጤና የሚሰጠው ግማሹን ነው። አሳርፋችሁ ስትለኩት 12.7 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ነው። 4 አምፔር የሚስብ ፍሪጅ አዲስ አበባ ብርድ ላይ አብዛኛውን ሰዓት ያርፋል፤ አፋር ሙቀት ላይ ግን ማረፍ የለም። 50ው አምፔር-ሰዓት 12 ሰዓት ተኩል ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የሞቀ ውሃ በካርቶን ይጭኑበታል፣ የአየር መውጫውን በፍራሽ ይደፍኑታል። መብራቱ አምስቴ ብልጭ ካለ መቆጣጠሪያው ግሏል፣ ሻንጣውን አንሱለት።

ሁለተኛው ባትሪ አይሞላም

ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘውን ሪሌ እዩ። ሞተር ተነስቶ ሁለተኛው ባትሪ ላይ 13.8 እና ከዚያ በላይ ካልታየ ወይ ሪሌው ወይ ፊውዙ ነው። ዲናሞው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ መኪና ላይ ግን ሪሌ አይበቃም፣ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር፣ ማለትም ቮልቱን ራሱ አስተካክሎ ሁለተኛውን ባትሪ የሚሞላ፣ ይፈልጋል።

ሌሎች

ኮምፕረሰር የሌላት፣ ፋን ብቻ የምትነፋ ርካሽ ሳጥን፦ ከውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ብትቀንስ ነው። ውጭው 42 ከሆነ ውስጡ 22። አልተበላሸችም፣ እንዲህ ናት።

24 ቮልት መኪና ላይ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 አትውሰዱ፤ አንዱ እያለቀ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱንም ትቀብራላችሁ። አብዛኛው ኮምፕረሰር ፍሪጅ 24ን ራሱ ይቀበላል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ኢንቨርተር ገዝታችሁ ፍሪጁን በ220 የምታስነሱ ደግሞ አላችሁ። 12ቱ 220 ይሆናል፣ ፍሪጁ ውስጥ ገብቶ መልሶ ዝቅ ይላል። በየመንገዱ ባትሪያችሁ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ገንዘቡን ለባለ 6 ሽቦ አውሉት።