ያገለገለች ጀልባ ገዝታችሁ ሐይቅ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ችግርና መፍትሄ

ከወንድሜ ጋር አዋጥተን ባህር ዳር አንዲት ያገለገለች የፋይበር ጀልባ ገዛን፣ ሞተሩ ደግሞ ለብቻው በጅቡቲ በኩል የመጣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ነው። በአይሱዙ ጭነን በወልድያ አድርገን ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ "እዚሁ ጣሏትና ሞክሯት እንጂ ምን ያንከራትታችኋል" ሲለን ወንድሜ ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ደሴን አልፈን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ አጎታችን ግቢ አራገፍናት። አሁን ሳስበው ያተረፈን እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከታች የምጽፈው ጣጣ ከሞላ ጎደል እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የወጣው። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ እኮ ጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ነው፣ እዚያ መሃል ላይ ካንዴላ (ለቤንዚኑ እሳት የሚሰጠውን) መፍታት አትፈልጉም።

ሞተሩ ጭራሽ አልነሳም ካለ

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ቀዩን ገመድ እዩ። አንዱ ጫፍ ነጂው ላይ ይታሰራል፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ማጥፊያው ላይ መሰካት አለባት፣ ሰውየው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ እንዲጠፋ ነው። እሷ ከሌለች ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል ግን እሳት የለም። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ጎበዝ የባጃጅ መካኒክ ካንዴላውንም ቦቢናውንም ፈቶ ግማሽ ቀን ፈጀ፣ በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ገመዱን ከመሳሪያ ሳጥን ውስጥ አውጥታ "ይቺ የምን ናት?" አለች። ሞተሪኖው ራሱ ዝም ካለ ደግሞ ማርሽ ላይ ሆኖ ይሆናል፣ ዜሮ ላይ መልሱት። ከዛ የባትሪውን ራስ እዩ፣ አረንጓዴ ነገር ካበቀለ በፈላ ውሃ እጠቡትና ፍቃችሁ አጥብቁት።

ተነስቶ አምስት ደቂቃ ሰርቶ ከጠፋ

ነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ ጨብጡ፣ እሷ ሁሉንም ትናገራለች። ጠፍጣፋ ሆና ተጣብቃ ከቀረች ታንኩ አየር አጥቷል፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ክፈቱ (ሲጫን ይዘጋትና ሁሉም ሰው ይረሳታል)። ስትጨብጧት ለስላሳ ሆና መቼም አልጠነክር ካለች ቱቦው የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው ወይም ኳሷ ራሷ አርጅታለች፣ ቀስቷ ወደ ሞተሩ መዞሯንም አረጋግጡ። ጠንክራ እያለች ሞተሩ ከጠፋ ግን ችግሩ ካርቡሬተሩ ነው፣ የቆመ ቤንዚን ውስጡ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ይፈታ ይታጠብ። ቤንዚኑ ስንት ጀሪካን ዞሮ እንደሚደርሳችሁ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ትንሽ በጠርሙስ ቅዱና አሳድሩት፣ ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይተኛል።

ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቀለውን ዘይት በተመለከተ የኛ 50 ለ 1 ነው፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ የናንተን መመሪያው ላይ እዩ። የሞተር ሳይክል ቱቲ (2T) ዘይት ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትጨምሩ፣ ቲሲ ደብሊው ስሪ (TC-W3) የሚል የጀልባ ዘይት ነው የሚፈልገው።

ከጎኑ የምትተፋው ውሃ ከቀጠነች ወይ ከቆመች

እዚህ ላይ ነው የከሰርነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከታች በሚስበው ውሃ ነው፣ የሚስበውም አበባ የምትመስል የጎማ ፓምፕ ናት፣ ያለ ውሃ ብታስነሱት በሰከንዶች ውስጥ መቃጠል ትጀምራለች። አንድ ጎረቤታችን "ድምፁን ብቻ ልስማው" ብሎ በደረቁ አስነሳው፣ እኛም እንግዳ ነው ብለን ዝም አልን። ሲፈታ ስድስት ከነበረው የጎማ ቅጠል ሁለቱ የሉም፣ የሄዱት ደግሞ ወደ ላይ የውሃ መንገዱ ውስጥ ነው፣ አዲስ ጎማ ገጥማችሁ ስብርባሪውን ካልለቀማችሁ ያው ይሞቃል። ስለዚህ ሙከራ ሲሆን ጠንካራ ጣውላ ላይ እሰሩትና እግሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ክተቱት፣ መሳቢያ ቀዳዳዎቹ መጥለቅ አለባቸው። ግን ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት መውጫዋን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጎርጉሯት፣ የኛ በመጀመሪያው ቀን የዘጋት የነፍሳት ጎጆ ነበር። ባህር የሰራ ሞተር ከሆነ ውስጡ ጨው አለ፣ ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት።

የማርሽ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ

ውሃ ገብቶበታል። ፕሮፔለሩን ፍቱና ዘንጉ ላይ የዓሣ መንጠቆ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ እዩ፣ ጎሚኒውን (ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ) የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጎሚኒው ይቀየርና አዲሱ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ይሞላ፣ ከላይኛው እስኪወጣ ድረስ። ከላይ ከሞላችሁት አየር ይዞ ይቀራል።

ጀልባዋ ውሃ የምታስገባ ከሆነ

መጀመሪያ የመውረጃውን ቡሽ፣ መቼም ይህን አልልም ነበር ግን ሰው ይረሳዋል። ቀጥሎ የተገላቢጦሽ ስራ፦ ጎማ ላይ አስቀምጧትና ውስጧን ትንሽ ውሃ ሙሉ፣ 10 ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ከዛ በላይ ክብደቱ ራሱ ይሰነጥቃታል። ከስር ተኝታችሁ የሚንጠባጠብበትን በኖራ አክብቡ። የሰፈር ልጆች ለኛ ይህን ሰርተው ሦስት ቦታ አገኙ፣ አንዱ ድሮ በመኪና ስቱኮ የተደፈነ ነበር። የመኪና ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፣ ከውሃ መስመር በታች አይሆንም፣ እሱን ፍቃችሁ በደንብ አድርቃችሁ በፋይበር ጨርቅና በኢፖክሲ ነው የሚደፈነው።

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ከከበደች

አፍንጫዋን ሰቅላ ኋላዋን እየጎተተች የምትሄድ ከሆነ ሞተሩን አትስደቡት፣ ከፍታው ነው። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ ባህር ላይ 40 የነበረው እዚህ ሲመጣ 32 ቢሆን ነው። አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። መፍትሄው ሁለት ነው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአነስተኛ መቀየር፣ እና ፕሮፔለሩ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ሁለተኛው (በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚገፋ የሚናገረው) ዝቅ ያለ ፕሮፔለር መግጠም፣ ለምሳሌ ከ13 ወደ 11። አንድ ቁጥር በወረደ ከ150 እስከ 200 ዙር በደቂቃ ይጨምራል። ሞተሩ ከፍ ብሎ እየጮኸ ጭራሽ ካልሄደች ግን ሌላ ነው፣ የፕሮፔለሩ የውስጥ ጎማ ተላቆ ዘንጉ ብቻውን እየዞረ ነው ወይም ሳር ተጠምጥሞበታል።

ከሞተሩ እግር ላይ የታሰረችው ተበልታ ያለቀች ብረት ደግሞ ቆሻሻ አይደለችም፣ ዝገቱን በራሷ ላይ እንድትወስድ ነው የተደረገችው፣ ለባህር ዚንክ ነው ጨው ለሌለው ውሃ ግን ማግኒዝየም።

እኛ ጋ አሁን የቀረው የኋላዋ ግድግዳ ነው። ሞተሩን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ሳወዛውዘው ግድግዳው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ በካቻቢቴ እጀታ ሳንኳኳው ጎንና ጎኑ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ መሃሉ ድፍን ይላል፣ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው። ወንድሜ "ብሎኑን አጥብቀን ሐይቅ እንውረድ፣ ዳር ዳሩን እንሄዳለን" ይላል፣ ያ ሞቼ እገኛለሁ ያለው ሰውዬ። እኔ ደግሞ መቅዘፊያና ላይፍ ጃኬት ገዝቼ እንጨቱን የሚቀይር አናጢ እየፈለግሁ ነው።