ቴርሞሜትሩ ራሱን ሲለካ፦ በአፈርና በባሕር ደለል ሙቀት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የምድርን ሙቀት የሚለካ ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ራሱ የተከለው መሣሪያ ነው።

20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን የአፈር ሙቀት ለማወቅ ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መሰካት ቀላል ነው። ግን ፀሐይ ያጋለው ሽቦ ሙቀቱን ይዞ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲጥልም ውሃው በዚያው ቀዳዳ ይንቆረቆራል። ጉድጓድ ይቆፈርና ሴንሰሩ ባልተነካው ግድግዳ ውስጥ አግድም ይግባ። ሽቦውም ሽቅብ ከመውጣቱ በፊት በዚያው ጥልቀት ጥቂት ይተኛ።

ባሕር ላይ የሚያሳስተው ችኮላ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመርከብ በገመድ የወረደው ባለ ሴንሰር ዘንግ ደለሉን ሲወጋ በሰበቃ ይሞቃል፤ ወዲያው የሚነበበው ቁጥር የዘንጉ እንጂ የደለሉ አይደለም። በተለመደው አሠራር 7 ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ ይቆያል። ያን ጊዜም ጨርሶ ስለማይበርድ አበራረዱ ይመዘገብና በርዶ የሚደርስበት ሙቀት በስሌት ይገኛል። ደለል ውስጥ በአንድ ሜትር የሚጨምረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ0.1 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ስለሆነ፣ ትንሿ የሰበቃ ትርፍ እውነተኛውን ምልክት ትውጠዋለች። መርከቧ በነፋስ ተገፍታ ገመዱን ከሳበችው ደግሞ ዘንጉ እንደገና ይሰበቃል፤ ጥበቃውም ከዜሮ ይጀምራል።

ዘንጉ ቀጥ ብሎ ገብቷል ብሎ ማመንም አለ። ባለ 3 ሜትሩ ዘንግ 30 ዲግሪ ካዘነበለ የደረሰው 2.6 ሜትር ብቻ ነው።

ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ አንዴ ለክቶ መመለስ ከንቱ ድካም ነው። የወለሉ ውሃ በወቅት መፈራረቅ 1 ዲግሪ ከፍና ዝቅ ቢል፣ 1.6 ሜትር ደለል ውስጥ ከሲሶ የሚበልጠው ይደርሳል። ወይ ውሃው ወደማይዋዥቅበት ጥልቅ ባሕር መሄድ፣ ወይ ሴንሰሮቹን ዓመት ማቆየት ይሻላል።

ሙቀት የማስተላለፍ አቅምን ከሠንጠረዥ መገልበጥም የተለመደ ነው። ደረቅ አሸዋ 0.3 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ሲሆን፣ ውሃ የጠገበው ግን 2 አካባቢ ይደርሳል። የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ በሙቀቱ በዙሪያው ያለውን አፈር ራሱ ያደርቀዋል። በእርጥብ አፈር ልክ የተሰላ ገመድ ስለዚህ ከታሰበው በላይ ይግላል።

የአፈሩን ሙቀት በሞዴል ወደሚያሰላው ኮምፒውተር እንምጣ። አፈሩን በ1 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ከፍሎ በቀላሉ ቀመር፣ ቀጣዩን ሙቀት ካለፈው ብቻ እያወጣ የሚያሰላ ሰው፣ የጊዜ እርምጃው ከ100 ሰከንድ ገደማ መብለጥ የለበትም። በአንድ ሰዓት እርምጃ ከሄደ ሞዴሉ አፈሩን በአፍታ ሺህ ዲግሪ ያደርሰዋል። ይህን ስህተት እወደዋለሁ፤ ራሱን አይደብቅም። የሚያስፈራኝ የሞዴሉን ወለል 1 ሜትር ላይ ሙቀት እንዳያልፍ ዘግቶ ዓመት የሚያሰላው ነው። የዓመቱ የሙቀት ሞገድ ከ2 ሜትር በታችም ስለሚሰማ ከሐሰተኛው ወለል ጋር ተላትሞ ይመለሳል፤ ግራፉ ግን ሲያዩት ያማረ ነው።