ቦሪክ አሲድ ድመትና ውሻ ባለበት ቤት
እንደ ኮምቦልቻና ከሚሴ ባሉ የወሎ ከተሞች በረሮ ማድቤቱን ሲያስቸግር፣ አንዳንድ ሰው ቦሪክ አሲድ የተባለውን በረሮ የሚገድል ዱቄት ከስኳርና ከምግብ ዱቄት ጋር ለውሶ በክዳን አድርጎ ወለል ላይ ያስቀምጣል፤ ድመት፣ ውሻ፣ ዶሮ ወይም የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት ግን ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። የሚሻለው ደረቁን የቦሪክ አሲድ ዱቄት በግድግዳ ስንጥቅና እንስሳ በማይደርስበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ ለዓይን እምብዛም እስከማይታይ ድረስ አሳስቶ መነስነስ ነው። በረሮ የተከመረ ዱቄት ሲያገኝ ዞሮ ያልፋል፤ ስስ ሲሆን ግን እግሩ ላይ ይጣበቅና ራሱን ሲያጸዳ ይውጠዋል። የሚሞተው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ አልሠራም ብሎ ደጋግሞ መጨመር አያስፈልግም። ድመትም መዳፏን እየላሰች የምትጸዳ በመሆኗ የረገጠችውን ዱቄት እንዲሁ ትውጠዋለችና፣ ወለል ላይ የፈሰሰውን ወዲያውኑ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግድ ነው። ሲነሰንሱ አፍና አፍንጫን ይሸፍኑ። ዱቄቱ ነጭ በመሆኑ ከጨው ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ የተረፈውን ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ከድነው ከምግብ ያርቁ። እንስሳው ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ከደከመ፣ ማሸጊያውን ይዘው ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።