ደላላው የሚላቸው ቃላት ሳይገቡን ሲቀሩ

መጀመሪያ ያየሁት ቤት ላይ ደላላው «ግሮስ 112 ካሬ ነው» አለኝ። «እሺ» ብዬ አለፍኩ። ግሮስ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ብጠይቅ የመግዛት አቅም የሌለኝ ይመስለዋል ብዬ ፈራሁ።

አሁን ቤት ሊያይ ለሚሄድ ወዳጅ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ቃሉን እዚያው፣ ገና ከአፉ ሲወጣ ያዙት። ግን «ምን ማለት ነው?» አትበሉ። እንደዚያ ሲባል «ጠቅላላ ስፋት ነዋ» ብሎ በሌላ ቃል ያልፋችኋል። «ወንድሜ፣ 112ቱ ውስጥ ምን ምን ተቆጠረ?» በሉት። ያኔ መዘርዘር ግድ ይሆንበታል። ግድግዳው አለ፣ ከደረጃውና ከሊፍቱ የሚደርሳችሁ ድርሻ አለ። በረንዳውን አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው ይተወዋል።

እኔ በማግስቱ ሜትር ይዤ ተመለስኩ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ክፍል በክፍል ለካሁ። ድምሩ 91 ካሬ ሆነ። ሰውየው አልዋሸኝም፤ 21 ካሬው ግድግዳና የጋራ ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቤት ሳወዳድር ዋጋውን የማካፍለው ለተጣራው ስፋት፣ ማለትም ክፍሎቹ ውስጥ ለለካሁት ብቻ ነው።

«ያለቀለት ቤት» ሲሏችሁም እንደዚሁ ነው። ወለሉ፣ የውስጥ በሮቹ፣ የመብራትና የውሃ መስመሩ፣ አንድ በአንድ ይጠራላችሁ።

«ቀብድ ጣል አድርግበት» ሲባል ግን ረጋ በሉ። እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄ አለኝ፣ ሦስቱንም ለየብቻ እጠይቃለሁ። ባንክ ብድሩን ቢከለክለኝ ይመለሳል? ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይርስ? እኔው ብተወውስ? «አታስብ፣ ይመለሳል» የሚለውን መልስ አልወስድም። ገንዘብ ከእጄ ሳይወጣ መልሱ በጽሑፍ ይሰፍርልኝ እላለሁ።

«ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ» የሚለው ደግሞ ቤቱ ለብድር እንዳልተያዘ፣ ፍርድ ቤትም እንዳላገደው የሚገልጽ ነው። ይህን ደላላ አያረጋግጥላችሁም። እሱን መጠየቅ ያለባችሁ «የት መሥሪያ ቤት ሄጄ ላጣራ?» ብላችሁ ነው። ማስረጃው የተሰጠበትን ቀንም እዩ። ባለፈው ዓመት ነፃ የነበረ ቤት ዛሬ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። መሬቱ በሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በኪራይ የተያዘ ከሆነ ስንት ዓመት እንደቀረው ጠይቁ።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ በትህትና ግን ይጠየቃል። «ኮሚሽንህን የሚከፍልህ ማነው?» ሻጩ ከሆነ ክፋት የለውም። ማንን ወክሎ እንደሚያወራ ታውቃላችሁ፣ ቃሉንም በዚያው ልክ ትሰማላችሁ።

«ኧረ ይሄ የተለመደ ነው» ካለ ገና አልመለሰም። ደግማችሁ ጠይቁ። ጎበዝ ደላላ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ወረቀት አውጥቶ ሥሎ ያሳያችኋል። በሁለተኛው ጥያቄ ከተቆጣ እኔ ያንን ቤት እተወዋለሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ አጭር መልእክት እልካለሁ፦ «ዛሬ እንደነገርከኝ በረንዳው 112ቱ ውስጥ ተቆጥሯል፤ ብድሩ ከተከለከለ ቀብዱ ይመለሳል። ትክክል ተረድቻለሁ?» ቀጠሮ የምይዘው መልሱን ካየሁ በኋላ ነው።