ከድንጋይ መቁረጫው እስከ ማይክሮስኮፑ፦ ለምድር ሳይንስ ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ደኅንነት መመሪያ

ከመስክ የመጣ ድንጋይ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጀመሪያ ብርሃን ወደሚያሳልፍ ስስ ገጽ፣ በቤተ ሙከራ አጠራር ወደ ቲን ሴክሽን፣ መለወጥ አለበት። መደበኛ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ ስለት፣ ውኃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ማጣበቂያና ብናኝ በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። የደኅንነት ሥልጠና በሴሚስተሩ መጀመሪያ ተነግሮ በፊርማ የሚዘጋ ጉዳይ ሊሆን አይገባውም። ድንጋዩን ደረጃ በደረጃ እየተከተለ፣ በእያንዳንዱ ማሽን ፊት መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው አደጋ በዓይን የማይታየው፣ በደረሰበትም ሰዓት የማያምመው ነው።

ወደ መቁረጫው ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ረጅም ፀጉር ይታሰር፤ ነጠላ፣ የአንገት ልብስ፣ ሐብልና ቀለበት ይውለቁ፤ ጫማው እግርን በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። የዓይን መከላከያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይወልቅም። ሰፊ ጓንት ግን በሚሽከረከር ምላጭ አጠገብ እጅን ይዞ ሊጎትት ስለሚችል እዚያ አይደረግም። ማሽኑን ስታስነሡ በቅድሚያ ውኃው በአልማዝ ምላጩ ላይ በትክክል መፍሰሱን አረጋግጡ፤ ውኃው ምላጩን ከማቀዝቀዝ ባሻገር ብናኙን ገና ሲፈጠር ይይዘዋል። ድንጋዩ በመያዣው ላይ ካልጠበቀ አትቁረጡ፤ ምላጩንም በግድ አትግፉት፣ በራሱ ፍጥነት ይቁረጥ።

በመቁረጥ ላይ ሳላችሁ መብራት ቢጠፋ የመጀመሪያው ተግባር ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል ነው። መብራቱ በድንገት ሲመለስ ምላጩ በድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ሊነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ እጁን ወደ ውስጥ ያስገባ ተማሪ ራሱን የሚያድንበት ጊዜ አያገኝም። መብራት በሚቆራረጥባቸው የአገራችን ቤተ ሙከራዎች ይህ ትእዛዝ በማሽኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ ሊለጠፍ ይገባዋል።

ስለ ብናኙ ረዘም ያለ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ግራናይት፣ አሸዋ ድንጋይና ሌሎች ኳርትዝ (ከሲሊካ የተሠራ ማዕድን) የበዛባቸው ዐለቶች ሲቆረጡ የሚወጣው ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያስከትላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ሕግ የተፈቀደው መጠን በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይህን ያህል ብናኝ ደግሞ ዓይን አያየውም። ስለዚህ «አቧራ አይታየኝም» ማለት ማረጋገጫ አይደለም። ተራው የቀዶ ሕክምና ጭምብል ይህን ብናኝ አያስቀርም፤ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የተባለው ዓይነት ፊት ላይ በደንብ ገጥሞ መደረግ አለበት። እርጥብ የነበረው ዝቃጭ ሲደርቅ ተመልሶ ብናኝ ስለሚሆን፣ ጠረጴዛውና ወለሉ እርጥብ ሳሉ ይጽዱ፤ በደረቅ መጥረጊያ ከቶ አይጠረጉ። ዝቃጩ በባልዲ ውስጥ ይዝቀጥ እንጂ ወደ መታጠቢያው ቧንቧ አይፈስስ፤ የሥራ ካፖርታችሁንም ከቤት ልብስ ጋር አትጠቡት።

አንዳንድ ድንጋይ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ጥያቄ ሊቀርብበት ይገባል። በደቡብ ኢትዮጵያ በአዶላ አካባቢ እንደሚገኙት ያሉ ሰርፐንቲናይት የተባሉ ዐለቶች ክሪሶታይል የተባለውን የአስቤስቶስ ዓይነት ሊይዙ ይችላሉ። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ክር የሚላጥ፣ ሐር የመሰለ ነገር ካያችሁ በጥፍራችሁ አትፈትጉት፤ በሚዘጋ ከረጢት ከታችሁ ለቴክኒሺያኑ አሳዩ።

የተቆረጠው ድንጋይ በመስታወት ስላይድ ላይ የሚለጠፍበት ኢፖክሲ፣ በተለይ ማጠንከሪያው፣ በተደጋጋሚ ቆዳን ሲነካ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ናይትራይል ጓንት አድርጉ፤ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ቀላቅሉ። ቆዳችሁን ከነካው በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፤ አሴቶን ማጣበቂያውን አቅጥኖ ወደ ቆዳ እንዲዘልቅ ስለሚያግዝ አትጠቀሙበት።

ገጹ በሲሊኮን ካርባይድ ዱቄት፣ ለምሳሌ ከሻካራው 400 ቁጥር ወደ 600 ከዚያም ወደ ላመው 1000 ቁጥር እየተሸጋገረ ሲፈጭ፣ በየደረጃው መካከል እጅና ስላይድ በሚገባ ይታጠቡ፤ አንዲት ሻካራ ቅንጣት የሰዓታት ሥራ ታበላሻለች። ውፍረቱ የሚታወቀው በማይክሮስኮፑ በተሻገሩ ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ፣ እርስ በርስ በተሻገሩ ሁለት ማጣሪያዎች) ሥር ነው፤ ኳርትዝ ወደ ቢጫ ካደላ ገጹ ገና ወፍራም ነው፣ ግራጫማ ነጭ ሲሆን ደርሷል። የኢትዮጵያ ደጋዎች ባዛልት ግን በአብዛኛው ኳርትዝ ስለሌለው፣ በእርሱ ፋንታ ፕላጆክሌዝ የተባለውን የፌልድስፓር ማዕድን ግራጫ ተመልከቱ።

ፌልድስፓሮችን በቀለም ለመለየት ወይም የአበባ ብናኝ ቅሪተ አካል ለማውጣት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ፣ ተማሪ ብቻውን አይሠራም፤ ለዚህ ምንም ሰበብ አልቀበልም። ይህ አሲድ መስታወት ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጣል። የቀጠነው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሲመጣ ፍሎራይዱ በውስጥ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ማሰር ጀምሯል፤ ይህም የልብን ምት እስከ ማዛባት ይደርሳል። 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በክፍሉ ውስጥ ከሌለ ሥራው አይጀመርም። አሲዱ ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውኃ ታጠቡ፣ ጄሉን ቀቡ፣ ሕመም ባይሰማችሁም ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙም የአሲዱን ስም በግልጽ ንገሩ።

ማይክሮስኮፑ ሰውን የሚጎዳበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ተጎጂው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ነው። ስታነሡት አንድ እጅ ክንዱን፣ ሌላው መቀመጫውን ይያዝ። ሥራውን ሁልጊዜ በዝቅተኛው ኦብጀክቲቭ (ከስላይዱ በላይ ባለው አጉሊ ሌንስ) ጀምሩ፤ ስላይዱ የሚቀመጥበትን ገበታ፣ ስቴጁን፣ ወደ ሌንሱ የምታስጠጉት ከጎን እያያችሁ ነው፤ በኦኩላሩ (በዓይን በሚታይበት ሌንስ) ውስጥ እያያችሁ ግን ከሌንሱ እያራቃችሁ ብቻ አጥሩ። ስላይዱን ከማስቀመጣችሁ በፊት ድንጋዩ ያለበት ገጽ ወደ ላይ መሆኑን በብርሃን አዘንብላችሁ አረጋግጡ። የተገለበጠ ስላይድ በዝቅተኛው ማጉያ ያለ ችግር ይታያል፤ በ40 ማጉያ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው መስታወት በመካከል ስለሚገባ ምስሉ አይጠራም፣ ተማሪውም እንዲጠራለት ሲያስጠጋ ሌንሱን ከስላይዱ ጋር ያጋጨዋል።

ቀጥሎ አንዲት ቅንጣት በመስቀለኛው መስመር መሃል አድርጋችሁ ስቴጁን አዙሩ። ቅንጣቷ ከመሃል ከወጣች ኦብጀክቲቩን በማስተካከያ ብሎኖቹ መልሱት፤ ይህ ሳይደረግ የተለካ የመጥፊያ ማዕዘን (ማዕድኑ በተሻገሩ ፖላራይዘሮች ሥር የሚጨልምበት የመዞሪያ ማዕዘን) አይታመንም። ሌንስ በሌንስ ወረቀት እንጂ በሸሚዝ ጫፍ አይጠረግም። ስትጨርሱ ብርሃኑን ቀንሱና አጥፉ፣ ዝቅተኛውን ኦብጀክቲቭ መልሱ፣ መሣሪያውን ሸፍኑ። የላላ ስቴጅ፣ የተጫረ ሌንስ ወይም የሚንቀጠቀጥ መብራት ካያችሁ በመዝገቡ ላይ ቀኑንና የመሣሪያውን ቁጥር ጽፋችሁ በዚያኑ ቀን ለቴክኒሺያኑ ንገሩ።