አንድ ድርጅት «የፓርቲ ነው» ሲባል እንዴት ይጣራል?

በሜክሲኮና በለገሃር መካከል ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ አዲስ ሕንፃ ባየ ቁጥር የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይኼ ደግሞ የማን ነው?» መልሱም ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ የባለሥልጣን፣ የፓርቲ፣ የእገሌ አማች። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ወሬ አምኜ በጥናት ረቂቅ ውስጥ ካሰፈርሁ በኋላ፣ ሕንፃው የአንድ ቡና ነጋዴ ወራሾች መሆኑን በሰነድ አይቼ ምዕራፉን ሙሉ ለመጣል ተገድጃለሁ። ከዚያ ወዲህ «የማን ነው?» ከማለቴ በፊት «ሌላው ነጋዴ ያላገኘውን ምን አገኘ፣ መቼስ አገኘ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አስቀድሞ መለየት ያለበት የዝምድናው ዓይነት ነው። ፓርቲው ራሱ ባለሀብት የሚሆንበት አለ፤ ነጋዴው ለፓርቲው እያዋጣ በምላሹ ሥራ የሚያገኝበትም አለ። በአገራችን የመጀመሪያው ዓይነት ጎልቶ የታየው በ1980ዎቹ ማብቂያ የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ባቋቋሟቸው ኢንዶውመንቶች (ለአንድ ዓላማ የተመደበ ሀብት በሚያስተዳድሩ ተቋማት) ነው፤ በሕወሓት በኩል ትእምት፣ በብአዴን በኩል ጥረት ተመሥርተው፣ መሰቦ ሲሚንቶና ሱር ኮንስትራክሽን በመጀመሪያው፣ ዳሸን ቢራ በሁለተኛው ሥር ይቆጠሩ ነበር። ኢንዶውመንት ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን ስለሌለው፣ ባለቤቱን በአክሲዮን መዝገብ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ቦርዱን ማን እንደሚሾምና ሰብሳቢው በዚያው ዓመት በፓርቲው ውስጥ ምን ሥልጣን እንደነበረው ነው። በሩዋንዳ ደግሞ ክሪስታል ቬንቸርስ የገዢው ፓርቲ የአርፒኤፍ ንብረት መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ የመርማሪው ድካም ተፎካካሪዎቹ በተመሳሳይ ደንብ ይስተናገዱ እንደሆነ ማጣራቱ ላይ ነው።

ስም ማመሳከር በእኛ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን ባልና ሚስት በስም አይገናኙም፤ ወንድማማቾች በአባት ስም ሲገናኙ፣ የወንድማማች ልጆች የሚገናኙት በአያት ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ከመመሥረቻ ጽሑፍም ሆነ ከንግድ መዝገብ ስም ሲቀዱ እስከ አያት ድረስ ይቅዱ። አበበ ከበደ የሚባል ሰው በየቀበሌው ባለበት ከተማ ሁለት ስም ይዞ «ዘመዱ ነው» ብሎ መጻፍ ንጹሕ ሰውን ማስወቀስ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ አቧራ አለበት። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ገብተው የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የቆዩ ጥራዞች ያስወጡና የጨረታ ገጾቹን በትዕግሥት ያንብቡ። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን እስከ መክፈቻው ሰዓት ስንት ቀን እንደተሰጠ፣ ጨረታው ተሰርዞ እንደገና ወጥቶ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ማስታወቂያ ላይ የተጨመረ መስፈርት ካለ ምን እንደሆነ ይመዝግቡ። ከሁሉም የሚናገረው መስፈርቱ ነው። «በተመሳሳይ ሥራ አሥር ዓመት የቆየ፣ ይህን ያህል ቶን የሚያነሳ ክሬን በራሱ ስም ያስመዘገበ፣ ሥራውን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መጀመር የሚችል» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥምዎ፣ የአሸናፊው የጫማ ቁጥር ብቻ እንደቀረ ልብ ይሏል። ይሁን እንጂ ጠባብ መስፈርት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ አንዳንዱ ሥራ በእርግጥ እንዲህ ያለ አቅም ይጠይቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ የሚወጣ የጥድፊያ ግዥም ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። የሚመዘነውም ግዥው በተፈጸመበት ጊዜ በነበረው ሕግ ነው፤ በቀድሞው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ዘመን የተፈጸመውን በኋላ በወጣው የግዥ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 መውቀስ አይገባም።

መዋጮን ለመከታተል የሕንድ ተሞክሮ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኩባንያዎች ከመንግሥት ባንክ የምርጫ ቦንድ እየገዙ ስማቸው ለሕዝብ ሳይገለጽ ለፓርቲዎች ይሰጡ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አሠራሩን ሽሮ የገዢዎቹ ዝርዝር እንዲታተም ሲያዝ፣ ጋዜጠኞች ቦንዱ የተገዛበትን ቀን ውል ከተሰጠበትና ኩባንያው ከተፈተሸበት ቀን ጎን ማስቀመጥ ቻሉ። እርስዎም በሰፊ ወረቀት ላይ እንዲሁ ያድርጉ፤ በአንዱ ዓምድ ስጦታ፣ በሌላው ውል፣ በሦስተኛው ሹመት፣ ሁሉም በቀን ተራ። የውጭ ሰነዶችን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ አይርሱ፤ በዚህ ብቻ የተበላሸ ጽሑፍ አይቻለሁ። ለፓርቲ የተሰጠና ለመንግሥት የተሰጠ ገንዘብም አይቀላቀሉ። በ2011 ዓ.ም. ባለሀብቶች ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር የከፈሉበት «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት ለከተማው ፕሮጀክት የተዘጋጀ ስለነበር፣ ቦታው በፓርቲ መዋጮ ዓምድ ውስጥ አይደለም።

አገር ውስጥ ያጡትን ሰነድ ውጭ አገር ይፈልጉ። የደቡብ አፍሪካው ገዢ ፓርቲ ኤኤንሲ የኢንቨስትመንት ክንድ የሆነው ቻንስለር ሐውስ፣ ለኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቱ ለኤስኮም ጣቢያዎች ቦይለር በሚያቀርበው የሂታቺ ቅርንጫፍ ውስጥ 25 በመቶ ድርሻ ነበረው። የትርፍ ክፍያውና «የስኬት ክፍያ» የተባለው ገንዘብ ተዘርዝሮ የወጣው ግን በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ክስ ነው፤ ሂታቺም እ.ኤ.አ. በ2015 ክሱን ሳያምንም ሳይክድም 19 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የሚመረምሩት ድርጅት የውጭ ሸሪክ ካለው የሸሪኩን ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ በየቢሮው ደጅ ከመጥናት ይሻላል።

በመጨረሻ ያገኙትን ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርበው መልስ ይጠይቁ። ደብዳቤውን በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ጥለው አይውጡ፤ መዝገብ ቤት አስገብተው የገቢ ቁጥርና ቀን የተመታበትን ቅጂ ይያዙ። መልስ ካልመጣ በጽሑፍዎ ውስጥ የሚሰፍረው ያ ቀን ነው።